ስልክ መደወል ፈርቼ ያልበላሁትን ዕዳ እየከፈልኩ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። በሰው አገር መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሥራ አለኝ፤ የ11 ዓመት ልጅም አለኝ። ቋንቋውን ሥራ ቦታ እግባባበታለሁ። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር የኢንተርኔት ውሌን አቋረጥኩ። እነሱ ግን በየወሩ ከሂሳቤ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ስድስት ጊዜ ደወልኩ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያነሳል፤ ታሪኩን ከሥር ጀምሬ እናገራለሁ፤ “እናስተካክላለን” ይሉኛል፤ በወሩ ደግሞ ይቆረጣል። የመጨረሻው ሰውዬ “ቋንቋ የሚችል ሰው ይደውልልን” ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ መደወል ትቻለሁ። ዝም ብዬ እከፍላለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቼ በአራተኛው ወር ቆመ። ለእሱም አልደወልኩም፤ በእጄ አጥባለሁ። ሐኪም ቤትና ባንክ የምሄደው ልጄን ይዤ ነው፤ እሱ ያወራልኛል። ሰው ሁሉ “ደፈር በይ” ይለኛል። ድፍረት ከየት ይመጣል?
ስልክ የምትፈራ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው «በእጄ አጥባለሁ» ያልሽው ነው። ከፍለሽ የገዛሽው ማሽን ቤትሽ ውስጥ ቆሟል። አንቺ ደግሞ ማታ ከሥራ ተመልሰሽ የልጅሽን ልብስ በእጅሽ ታሻለሽ። አንድ ስልክ ላለመደወል። ይሄን የሚያደርግ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ፈሪም አይደለም። ስድስት ጊዜ የደወለ ሰው እንዴት ፈሪ ይባላል? እሳት ያቃጠለው እጁን መልሶ አይሰድም። ያንቺም ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ እኔም ተጨምሬ «ደፈር በይ» አልልሽም። የምመክርሽ ሌላ ነው። ስልኩን ተዪውና ጻፊ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ስልክ የእነሱ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ፊት አይታይም፤ የእጅ ምልክት የለም። በገዛ ቋንቋችን እንኳ ስልክ ላይ «ምን አልከኝ?» እንባባላለን። በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ገብቶሽ መልስ እስክታዘጋጂ ሰውዬው ሌላ ነገር ጀምሯል። ከሁሉ የከፋው ግን ስልኩ ሲዘጋ እጅሽ ላይ ምንም ነገር አለመቅረቱ ነው። «እናስተካክላለን» ያለሽ ማን ነው? መቼ? ምን ብሎ መዘገበው? አታውቂም። ስድስት ጊዜ ደውለሽ እነሱ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜም እንደደወልሽ ላይታይ ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወረቀት ላይ ግን እኩል ናችሁ። ማታ ልጅሽ ከተኛ በኋላ ተረጋግተሽ ትጽፊያለሽ። ቃል ከጠፋሽ ትፈልጊያለሽ። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ታስተካክያለሽ፤ በትርጉም መተግበሪያ ታመሳክሪያለሽ። ማንም መሐል ላይ አያቋርጥሽም። ቀኑም እላዩ ላይ አለ።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ደርሶ ነው። ሰው አገር ስኖር አንድ ድርጅት ያልደረሰኝን ዕቃ ደርሷል ብሎ ድርቅ አለ። ለሳምንታት ደወልኩ። አንድ ቀን መስመር ላይ አቆይተውኝ፣ ያ ሙዚቃቸው ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ስልኩ ራሱ ተቋረጠ። የመሥሪያ ቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ባልደረባዬ አየችኝ። እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። ታሪኩን ስነግራት «እኔ እኮ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ደውዬ አላውቅም፤ እጽፍላቸዋለሁ» አለችኝ። ክው አልኩ። ቋንቋው አፍ የፈታችበት ሆኖ እሷም ስልኩን ትሸሸዋለች! እኔ ችግሩ የኔ አፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መንገዱንም አላውቀውም ነበር። አብረን አምስት መስመር ጻፍን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገንዘቤ ተመለሰ።

መስመር ላይ የምትጠብቂው ጊዜም ካንቺ ማንነት ጋር ግንኙነት እንደሌለው እወቂልኝ። የስልክ ወረፋ የራሱ ሒሳብ አለው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለዚህ ጉዳይ ጽፎ ነበር። ዛሬም ብዙ የጥሪ ማዕከሎች ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልጋቸው የሚያሰሉት ከእሱ በመጣ ቀመር ነው። ስንት ሰው ስልክ ላይ ቢመደብ ደዋዩ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይገመታል ማለት ነው። ያንን ያህል እንድትጠብቂ የተወሰነው አንቺ ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት ነው። በብዙ ቦታ ስልኩን የምታነሳው ልጅም አንድ ጥሪ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት ይቆጠርባታል። ችግርሽ ረዘም ያለ ከሆነ ቶሎ ብትሸኝሽ ይሻላታል። «እናስተካክላለን» ብዙ ጊዜ የመሸኛ ቃል ነው። በእሷ አልፈርድም። አንቺም ከእሷ መፍትሔ አትጠብቂ።

ይሄን ስል ግን አነጋገርሽ ለውጥ አያመጣም እያልኩሽ አይደለም። ያመጣል። ሺሪ ሌቭ-አሪና ቦአዝ ኬይሳር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይሰማሉ፤ ለምሳሌ ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ያለ ውሃ ረጅም ጊዜ ትቆያለች የሚል። አንዳንዱን የሚያነበው የቋንቋው ተወላጅ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ የውጭ አገር ቅላጼ ያለው ሰው። አድማጮቹ በቅላጼ የተነበበውን እውነትነቱን ዝቅ አድርገው ገመቱት። አንባቢዎቹ የተሰጣቸውን ብቻ እያነበቡ እንደሆነ እየተነገራቸው እንኳ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ለጆሮ የከበደ ንግግር ለማመንም ይከብዳል የሚል ነው። እንግዲህ አየሽ፤ አንቺ እውነቱን እየተናገርሽ የሰሚው ጆሮ ሊጠራጠርሽ ይችላል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን ይሄን ሸክም በየጊዜው ለምን ትሸከሚዋለሽ? የተጻፈ ነገር ቅላጼ የለውም።

ዘግቶብሽ የሄደው ሰውዬ ግን ለብቻው ነው። ጆሮው ቢከብደው «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። አዋረደሽ። ይሄን «ሥርዓቱ ነው» ብዬ ላለሳልሰው አልፈልግም። በብዙ አገር አገልግሎት ሰጪ ሰውን በዘሩ ወይም በዜግነቱ ማግለል በሕግ የተከለከለ ነው፤ በብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ እሱንም ጻፊበት። ቀኑን፣ የምታስታውሺውን ሰዓት፣ ያለሽን ቃል እንዳለ። ነገር ግን ከገንዘቡ ጉዳይ ጋር አንድ ደብዳቤ ውስጥ አታቀላቅዪው። አንድ ላይ ከጻፍሻቸው «ስለደረሰብዎ ነገር ከልብ እናዝናለን» ብለው ገንዘቡን ሳይመልሱ ጉዳዩን ይዘጉታል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ገንዘቡ ለብቻው ይሂድ፤ ክብርሽም ለብቻው ይጠየቅ።

የገንዘቡ ደብዳቤ አጭር መሆን አለበት። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦

«የደንበኛ ቁጥሬ ይህ ነው። ውሌን በዚህ ቀን አቋርጫለሁ። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ወራት ይህን ያህል ገንዘብ ከሂሳቤ ተቆርጧል። ክፍያው እንዲቆምና የተቆረጠው በ14 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ።»

በቃ። ምን ያህል እንዳዘንሽ፣ ልጅ እያሳደግሽ መሆኑን፣ ቋንቋው እንደሚከብድሽ አትጻፊ። እውነት ስላልሆነ አይደለም። አንባቢው ደብዳቤውን ሲያነብ ዓይኑ ከቁጥሩና ከቀኑ ላይ እንዳይነሳ ነው። የደወልሽባቸውን ቀናት ግን ከስልክሽ የጥሪ መዝገብ አውጥተሽ ከሥር ደርድሪያቸው። የባንክ መግለጫውንም አያይዢ። የምትልኪው ለጠቅላላው የደንበኞች አገልግሎት ሳይሆን ድረ ገጻቸው ላይ «ቅሬታ» ተብሎ ለብቻው በተቀመጠው በኩል ይሁን። ከተገኘ ማለቴ ነው፤ አንዳንዶቹ ቆፍረሽ እንድታወጪው አድርገው ነው የሚደብቁት። ካጣሽው ወይም መልስ ከዘገየ በአደራ ደብዳቤ ላኪ፤ ደረሰኙን ያዢ።

የመጀመሪያው መልስ ምናልባት ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይሆናል። ጥያቄሽን እንኳ ያላነበበ ይመስላል። ተስፋ አትቁረጪ። «መልሳችሁ ጥያቄዬን አልመለሰም» ብለሽ ያንኑ ደብዳቤ መልሰሽ ላኪ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።

አደራ የምልሽ ነገር ግን አለ። ተናድደሽ ክፍያውን እንዲሁ በድንገት እንዳታቆሚ። በብዙ አገር ያልተከፈለ ሂሳብ ወደ ዕዳ ሰብሳቢዎች ይተላለፋል። የብድር ታሪክሽ ላይ ይመዘገብና ነገ ቤት ልትከራዪ ስትሄጂ ይወጣብሻል። መጀመሪያ ዕዳውን እንደማትቀበዪው በጽሑፍ አሳውቂ። ከዚያ ወደ ባንክሽ ሂጂ። ሰዎች ባንካቸው ሊረዳቸው እንደሚችል የሚረሱት ነገር ይገርመኛል።

የምትኖሪበትን አገር አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ የማውቀውን በየአገሩ ልንገርሽ። በዩሮ አገሮች ከሂሳብ ላይ በቀጥታ የሚቆረጥበት ሴፓ የሚባል አሠራር አለ። በዚያ የተቆረጠብሽን ገንዘብ፣ ፈቃድ ሰጥተሽ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳትጠየቂ ባንክሽ ይመልስልሻል። ፈቃድ ያልነበረው ከሆነ እስከ 13 ወር ድረስ መጠየቅ ትችያለሽ። በብሪታንያም በዚህ መልክ በስህተት የተቆረጠን ገንዘብ ባንኩ የመመለስ ግዴታ አለበት። ባንኩ ራሱ ካስቸገረሽ ቅሬታሽን በጽሑፍ ታስገቢያለሽ፤ ብዙ ጊዜ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ የመጨረሻ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠሽ ወይም መልሱ ካላረካሽ ጉዳዩን ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው መውሰድ ትችያለሽ። ክፍያ የለውም። በአሜሪካ የምትከፍዪው በክሬዲት ካርድ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ ሕግ አለልሽ። ስህተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከልሽ በ60 ቀን ውስጥ ካርዱን ለሰጠሽ ድርጅት በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ። ጉዳዩ እስኪጣራ የተከራከርሽበትን ገንዘብ እንድትከፍዪ አትገደጂም። ልብ አድርጊ፤ ሕጉ ጥበቃውን የሚሰጠው ለጻፈ ሰው ነው።

ማሽኑ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው። አራት ወር ማለት ገና አዲስ ዕቃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለሽ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከተበላሸ ደግሞ ጉድለቱ ከመነሻው እንደነበረ ይቆጠራል፤ አይደለም የሚል ከሆነ የሚያስረዳው ሻጩ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ለሚታይ ጉድለት እንዲሁ ይላል። ስለዚህ «ምን ነካክተሽበት ነው?» ቢሉሽ አትደንግጪ። የምትጽፊው ለገዛሽበት ሱቅ ነው። ወደ አምራቹ ሊመሩሽ ይሞክራሉ፤ በእነዚህ አገሮች ግን በሕግ ተጠያቂው የሸጠልሽ ነው። እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር ጠይቂ። ደረሰኙ ከጠፋሽ የባንክ መግለጫሽ ላይ ግዢው አለ።

ይሄ ሁሉ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 15 ቀን 1962 ጆን ኤፍ ኬኔዲ ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረቡት መልእክት የሸማቹን አራት መብቶች ዘርዝረው ነበር። የደኅንነት፣ መረጃ የማግኘት፣ የመምረጥና የመሰማት። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ1985 የሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አጽድቋል። አራተኛውን አስቢው፤ የመሰማት መብት። አንቺ ስድስት ጊዜ ስትደውዪ የተከለከልሽው እሱን ነው።

አንዳንዴ የግድ መደወል ይመጣል። ያኔ መጀመሪያ የምትዪውን ወረቀት ላይ ጻፊው፤ እያየሽ አንብቢው። «ይቅርታ፣ ቋንቋዬ ጥሩ አይደለም» ብለሽ አትጀምሪ። ብዙዎቻችን እንላለን፤ እኔም ለዓመታት ስል ነበር። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ግን አልሠራሽም። በምትኩ «እባክዎ ቀስ ብለው ያነጋግሩኝ» በይ። ትእዛዝ ነው፤ ግን ጨዋ ትእዛዝ ነው። ስምሽ ለአገሩ ጆሮ እንግዳ ከሆነ ፊደል በፊደል ለመንገር አብራሪዎች የሚጠቀሙበትን ያዢ፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ እያለ የሚሄደውን። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በዓለም አቀፍ አቪዬሽን የሚሠራበት ነው፤ የተዘጋጀውም አፍ የፈቱበት ቋንቋ የተለያየ ሰዎች በሬዲዮ እንዲግባቡ ነው። ወረቀት ላይ የስምሽን ፊደላት በዚህ ጽፈሽ ስልኩ አጠገብ ለጥፊው። ከመዝጋትሽ በፊት ደግሞ የሰውየውን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ተቀበዪ። «የተስማማነውን በኢሜይል ይላኩልኝ» በይ። ካልላከ ራስሽ ላኪለት፤ «ዛሬ በዚህ ሰዓት ተነጋግረን እንዲህ ብለውኛል» ብለሽ። አሁን ስልኩም ጽሑፍ ሆነ።

አሁን ስለ ልጅሽ። ይሄ ከገንዘቡም ከማሽኑም ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ ብጠነክርብሽ አትቀየሚኝ።

ልጅሽ ቋንቋውን ስለሚያቀላጥፈው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ሐኪሙ ፊት ምን እንደሚሰማ አስቢ። እናቱን የት እንዳመማት፣ ምን ሊሆን እንደሚችል የመጀመሪያው ሰሚ እሱ ነው። የሚያስፈራ ቃል ሲመጣ ልንገራት ወይስ ልተወው ብሎ የሚወስነው የ11 ዓመት ልጅ ነው። አንቺም ልጅሽ እንዲሰማ የማትፈልጊውን ነገር ሐኪሙንም ትደብቂዋለሽ። ሕመምሽ ሳይነገር ይቀራል። ባንክ ስትሄዱ ደግሞ ሂሳብሽ ላይ ስንት እንደቀረ ያውቃል። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የሚቆጥረው እሱን ነው። አንዲት ቃል ቢሳሳት ጥፋቱን ራሱ ላይ ይወስዳል። የሕክምና ቃል ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ አያውቀውም፤ ከየት ያውቀዋል? አድገው «የእናቴ አፍ እኔ ነበርኩ» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። በኩራት ነው የሚናገሩት። ግን ሲናገሩ ድካሙም ይሰማኛል።

አስተርጓሚ መጠየቅ ብዙ አገር መብት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ ደግሞ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ከልክሏል። በብሪታንያ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ለአስተርጓሚ አያስከፍልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በስልክ የሚያስተረጉም የመንግሥት አገልግሎት አላት፤ ቀን ከሌት ይሠራል። ሌላ አገር ከሆንሽም ጠይቂ። ዘዴው ግን ጊዜው ላይ ነው። ሐኪም ቤት ከደረስሽ በኋላ ከጠየቅሽ «ዛሬ የለም፣ ልጁ ይርዳሽ» ይሉሻል። ቀጠሮ ስትይዢ፣ ያውም በጽሑፍ፣ «አስተርጓሚ ያስፈልገኛል» በይ። ቋንቋውንም ጥቀሺ። ስትደርሺ አልመጣም ካሉሽ ሕመሙ የማያስቸኩል ከሆነ ሌላ ቀጠሮ መጠየቅ ትችያለሽ። ልጁን ግን አታስገቢው።

«ድፍረት ከየት ይመጣል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለእኔ የመጣው ያ የመጀመሪያው ገንዘብ ሲመለስ ነው። ከዚያ በፊት አልነበረኝም። ያለ ድፍረት ነው የጻፍኩት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ። አንቺም እንደዚያው ጀምሪ። የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ካለሽ አንዴ ብቻ አብራሽ ትቀመጥ። ቋንቋሽን እንድታርም አይደለም፤ «ላክ» የሚለውን ስትጫኚ ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው።

ዛሬ ማታ ውሉን ያቋረጥሽበትን ቀን ፈልጊ። ኢሜይልሽ ውስጥ ካጣሽው የአዲሱ ቤት የኪራይ ውል ላይ ያለው ቀን ይረዳሻል። የኢንተርኔቱን ደብዳቤ መጀመሪያ ላኪ፤ የማሽኑን ነገ። ረቂቁን ብትልኪልኝ አነብልሻለሁ። ለልጅሽ ደግሞ በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮሽ ቀን ትምህርት ቤት እንደሚውል ንገሪው።